«ምን ሆና ነው?» ወይስ «ምን ተደርጋ ነው?»፦ የሳሊ ቻለን ይግባኝ ሲፈተሽ

መዶሻው የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ከዚህ እንነሳ። ዐቃቤ ሕጉም የተነሳው ከዚሁ ነው።

ቀኑ ኦገስት 14 ቀን 2010 ነው (ዓመቱም ወሩም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ)። ቦታው ከለንደን ወጣ ብላ የምትገኘው ክሌይጌት። ሳሊ ቻለን ያኔ 56 ዓመቷ ነው። ከባሏ ከሪቻርድ ጋር ተለያይተው ወራት አልፈዋል፤ ግን ለመታረቅ እየተነጋገሩ ነበር። ያን ቀን እሱ ቤት ሄደች። ዝናብ እየዘነበ ምሳ የሚሆን ነገር ገዝታ እንድትመጣ ላካት። ስትመለስ ጠረጠረች። ስልኩን አንስታ እሱ መጨረሻ የደወለበትን ቁጥር መልሳ ደወለች። የሴት ስልክ ነበር። ምንም አላለችም። ምሳውን ሠርታ አቀረበችለት። እየበላ ሳለ መዶሻውን አውጥታ ጭንቅላቱን ከ20 ጊዜ በላይ መታችው። አስከሬኑን ሸፈነች። እንደምትወደው የሚናገር ወረቀት ጥላ ወጣች። በማግስቱ ቢቺ ሄድ ከሚባለው ገደል ልትወረወር ስትል ሰዎች ለሰዓታት አባብለው መለሷት።

በ2011 ጊልድፎርድ ከተማ ላይ ስትዳኝ ነገሩ ለጁሪው ቀላል ሆኖ ቀረበ። ጁሪ ማለት ጥፋተኛ ናት፣ አይደለችም የሚለውን የሚወስኑ 12 ተራ ሰዎች ናቸው። የተነገራቸው ይህ ነው፦ ቀናተኛ ሚስት፤ ሌላ ሴት እንዳለች ደረሰችበት፤ መዶሻውን ከቤቷ ይዛ መጥታለች፤ ስለዚህ አስባበታለች። ጥፋተኛ ተባለች። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። 22 ዓመት ሳትታሰር የመፈታት ጥያቄዋ እንደማይታይም ተወሰነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ይግባኝ ብላ 22ቱ ወደ 18 ወረደ። ፍርዱ ራሱ ግን አልተነካም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ያው ፍርድ ተሻረ። መዶሻው ያው መዶሻ ነው። ሟቹም ያው ሟች ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ብዙ ጋዜጦች በጊዜው «ፍርድ ቤቱ በባሏ ስትጨቆን እንደኖረች ተቀብሎ ነጻ አወጣት» ብለው ጽፈዋል። ጥሩ ዜና ነው፤ ልብ ይሞላል። እንደተባለው ግን አልሆነም። ዳኞቹ በሩን የከፈቱት በሌላ ቁልፍ ነው። እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ቁልፍ ነው።

መጀመሪያ ትዳሩን እንየው። ሳሊ ሪቻርድን ስታውቀው የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። እሱ 22 ዓመቱ። በ1979 ተጋቡ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ልጆቹ አድገው የተናገሩት፣ ኋላም ለይግባኝ ሰሚው የቀረበው ታሪክ የሚያሳየው ሰውየው ገንዘቧን እንደሚቆጣጠር፣ ማንን እንደምታገኝ እንደሚወስን፣ በሰው ፊት በገላዋ እንደሚያላግጥባት ነው። ሌላ ሴት ጋ መሄዱን ስታውቅበት «አብደሻል» ይላታል። በዓይኗ ያየችውን እስክትጠራጠር ድረስ። ለመታረቅ ሲስማሙ እንኳ እሱ ከሰው ጋር ሲያወራ ጣልቃ እንዳትገባ የሚል ነገር ስምምነቱ ውስጥ ነበር።

ዱላ የዚህ ታሪክ ዋና ነገር አይደለም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

እኔ ባደግኩበት ግቢ አንድ አባወራ ነበሩ። እጃቸው ሚስታቸው ላይ አርፎ አያውቅም። ሰፈሩ «ዱላ የማያውቁ ጨዋ» ይላቸው ነበር። ሚስትየው ከገበያ ስትመለስ ግን የአስቤዛውን መልስ ሳንቲም በሳንቲም ቆጥረው ይቀበሏታል። እህቷ ጋ ለመሄድ ማስፈቀድ አለባት። አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድላትም። እኛ ልጆቹ ሴትየዋ ለምን ሁልጊዜ እንደምትጣደፍ አይገባንም ነበር። ነገሩ ስም አልነበረውም። ስም ለሌለው ነገር ደግሞ ማንም አይከሰስም።

ለዚህ ነገር ስም ከሰጡት ሰዎች ዋናው አሜሪካዊው ምሁር ኢቫን ስታርክ ነው። በአማርኛ «አስገዳጅ ቁጥጥር» እየተባለ ይተረጎማል። እኔ «መውጫ መግቢያ ማሳጣት» ብለው ይሻለኛል። ሰውየው የሚመታው አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ላይመታም ይችላል። ገንዘቧን፣ ስልኳን፣ ዘመዷን፣ ሰዓቷን ይይዝባታል። እንግሊዝ ይህን ወንጀል ያደረገችው በ2015 ባወጣችው ሕግ ነው። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ሳሊ ስትፈረድ እንግዲህ ይህ ሕግ የለም። ጠበቆቿ ስለ ትዳሩ ቢያወሩም የሚያንጠለጥሉበት ሚስማር አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ሕጉ። በእንግሊዝ ሰው መግደል ሁለት ትልልቅ ስሞች አሉት። መርደር የሚሉት፣ ለመግደል ወይም ክፉኛ ለመጉዳት አስቦ መግደል ነው። ዳኛው ሌላ ምርጫ የለውም፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው። ማንስሎተር የሚሉት ቀለል ይላል፤ ቅጣቱን ዳኛው ይመዝናል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያወርዱ ጠባብ መንገዶች አሉ። ለሳሊ የሚሆኑት ሁለት ነበሩ፦ አንዱ ትንኮሳ ሲሆን ሌላው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኃላፊነት ሲቀንስ ነው።

ትንኮሳ ማለት እኛ «በደም ፍላት» የምንለው ነው። ችግሩ ፍላቱ ቶሎ መሆን ነበረበት። በ1949 አንድ ዳኛ «ድንገተኛና ለጊዜው የሆነ ራስን መቆጣጠር አለመቻል» ብለው ለጁሪ ያስረዱት ቃል ለአሥርት ዓመታት መለኪያ ሆኖ ኖሯል። በዚያ መዝገብ ተከሳሿ ማን ነበረች? ባሏ ሲደበድባት የኖረ ሚስት። የገደለችውም አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ በመጥረቢያና በመዶሻ ነው። ደሟ ወዲያው አልፈላም ተባለና መከላከያው አልሠራላትም። መዶሻው ከ60 ዓመት በኋላ እንደገና መምጣቱ የአጋጣሚ ነገር ነው። ሎጂኩ ግን የአጋጣሚ አይደለም።

እስቲ አስቡት። ቶሎ ደሙ የሚፈላለት ማን ነው? ጉልበት ያለው ነው። ሰድቦኛል ብሎ እዚያው በቡጢ የሚለው ወንድ ስሜቱ ለሕጉ ይገባዋል። አቅም የሌላት ሴት እዚያው ብትነሳ እሷው ናት የምትሞተው። እስኪተኛ፣ እስኪቀመጥ፣ ጀርባውን እስኪሰጥ ትጠብቃለች። መጠበቋ ደግሞ «አስባበታለች» ተብሎ ይቆጠርባታል። ፍርሃቷ ራሱ ማስረጃ ይሆንባታል ማለት ነው።

ይህን ግድግዳ በደንብ የነቀነቀችው ኪራንጂት አህሉዋሊያ ነች። ሕንድ ተወልዳ እንግሊዝ አገር ከባሏ ጋር የምትኖር ሴት። ባሏ ለአሥር ዓመት ሲያሰቃያት ኖሮ በ1989 ተኝቶ ሳለ ነዳጅ አርከፍክፋ አቃጠለችው፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። የሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ የሴቶች ማኅበር ዘመቻ አካሄደላት። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረ። ግን በምን? ጠበቆቿ «ደም ፍላት ቀስ ብሎም ሊመጣ ይችላል» ብለው ተከራክረው ነበር። ዳኞቹ ጊዜ ማለፉ ብቻውን መከላከያውን አይገድለውም እስከ ማለት ደረሱ፤ ክርክሩን ግን አልተቀበሉም። የሻሩት በከባድ የድብርት ሕመም ላይ እንደነበረች የሚያሳይ አዲስ የሐኪም ማስረጃ ስለቀረበ ነው። በዚያው ዓመት ማንስሎተር ተብሎ የታሰረችው ጊዜ በቃት።

በሩን ሐኪም ከፈተው። ትዳሩ ደጅ ቆመ።

ሳሊ ጋ እንመለስ። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጉዳዩን «ሀ» ብሎ እንደገና አይሰማም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሊታመን ይችላል ወይ? አዲስ ማስረጃ ይዞ ለመጣ ደግሞ «ያኔ ለምን አላመጣኸውም?» ይለዋል። መልሱ ካላረካው አይቀበልም። እውነት ለመናገር ይህ ክፉ ደንብ አይደለም። አለዚያ አንዱ መከላከያ ሲከሽፍ ሌላ እየሞከሩ መኖር ይመጣል። የሟች ቤተሰብም ዕረፍት አያገኝም።

በፌብሩዋሪ 2019 ለንደን ላይ ሦስት ዳኞች ተሰየሙ። ሳሊ ከእስር ቤት በቪዲዮ ትታይ ነበር። ደጅ ላይ ሴቶች መፈክር ይዘው ቆመዋል፤ ከፊት ታናሽየው ልጇ ዴቪድ አለ። ጠበቃዋ ክሌር ዌድ ሁለት ምስክሮች አመጣች። አንዱ ያው ኢቫን ስታርክ ነው፤ አስገዳጅ ቁጥጥር ምን እንደሆነ አስረዳ። ሁለተኛዋ ግዌን አድሼድ የምትባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ናት። ሳሊን ለረጅም ጊዜ ከመረመረች በኋላ፣ ግድያው ሲፈጸም የነበረባት፣ ያኔ ግን ማንም ያልደረሰበት የአእምሮ ሕመም እንደነበረባት መሰከረች።

ዳኞቹ ፍርዱን ሻሩ፤ ጉዳዩ እንደገና እንዲዳኝም አዘዙ። ምክንያታቸው ግን ሐኪሟ ነበረች። ስለ አስገዳጅ ቁጥጥር ያሉት ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፦ ብቻውን ለግድያ መከላከያ አይሆንም። ሊጠቅም የሚችለው ከትንኮሳው ወይም ከአእምሮ ሕመሙ መከላከያ ጋር ሲያያዝ ነው። የስታርክ ምስክርነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ይሻር ነበር ወይ? ውሳኔውን ሳነበው እኔ አይመስለኝም።

እንደገና መዳኘቱም ቀረ። በጁን 7 ቀን 2019 ዐቃቤ ሕግ ማንስሎተሩን ተቀበለ። የዐቃቤ ሕግ ሐኪም ሌላ የሕመም ስም ሰጥቶት ነበር። ያም ሆነ ይህ ስም ተገኘ። ዳኛው ግድያው የመጣው ከዓመታት ቁጥጥር፣ ማግለልና ማዋረድ በኋላ እንደሆነ በግልጽ ተናግረዋል። ትዳሩ የችሎት ወግ ያገኘው እዚህ፣ ቅጣቱ ሲነገር ነው። 9 ዓመት ከ4 ወር ፈረዱባት። ያንን ቀድማ ታስራዋለች። በዚያው ቀን ወጣች።

የእኔ ቅሬታ እንግዲህ ይኸው ነው። የሰፈር ሰው አንዲት ሴት ያልታሰበ ነገር ስታደርግ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። «ምን ሆና ነው?» ይላል። ወይም «ምን ተደርጋ ነው?» ይላል። የመጀመሪያው ወደ እሷ ጭንቅላት ያያል። ሁለተኛው ወደ ቤቱ። ከአህሉዋሊያ እስከ ቻለን 27 ዓመት አልፏል፤ ይግባኝ ሰሚው የሚመቸው አሁንም የመጀመሪያው ነው። ሴትየዋ ለመውጣት መታመም አለባት። ሐኪም ያላገኘች፣ ወይም በተፈጥሮዋ ጠንካራ ሆና የታየች፣ ያው ትዳር ውስጥ ብታልፍም በሩ አይከፈትላትም።

ሕጉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ይህን መካድ አይገባም። ከኦክቶበር 2010 ጀምሮ ትንኮሳ የሚባለው መከላከያ ተሽሮ በሌላ ተተክቷል። በአዲሱ ሕግ ራስን መቆጣጠር አለመቻሉ የግድ ድንገተኛ መሆን አይጠበቅበትም። የከባድ ጥቃት ፍርሃትም ይቆጠራል። የትዳር አጋር ወሰለተ ብሎ መግደል ደግሞ ለብቻው ሰበብ አይሆንም። ሳሊ ግን የገደለችው ይህ ሕግ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ወር ሳይሞላ ሲቀረው ስለሆነ በአሮጌው ተዳኘች።

የውስልትናው ነገር መውጣቱን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ለዘመናት በ«ደም ፍላት» ሲያመልጥ የኖረው ማን ነው? ሚስቱን ገድሎ «ከሌላ ጋር አየኋት» የሚለው ባል ነው። ለተበደለች ሚስት በሩን ሰፋ አድርጉት ስንል ቀናተኛ ባልም በዚያው ሊገባ ይችላል። ይህን ስጋት የሚያነሱ ሰዎች ሁሉ የሴት ጠላት አይደሉም። እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት በ2023 በዓለም 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በትዳር ወይም በፍቅር አጋራቸው አለያም በሌላ ቤተሰብ ተገድለዋል። በቀን 140 ማለት ነው። ገዳይ ሚስት በዚህ ባሕር ውስጥ ጠብታ ናት። የሟቾቹ ቤተሰቦችም ይግባኝ አላቸው፤ የእነሱ ግን «ቅጣቱ አነሰ» የሚል ነው።

የእነሱም ቅሬታ መሠረት አለው። በእንግሊዝ ሕግ ቢላዋ ይዞ ወደ ቦታው ሄዶ የገደለ ሰው ቢያንስ የሚታሰረው ጊዜ መነሻው 25 ዓመት ነው፤ ይህ የመጣው በመንገድ ላይ ወጣቶች በቢላዋ ሲተላለቁ ነው። ከራሱ ወጥ ቤት መሳቢያ ቢላዋ መዝዞ ሚስቱን የገደለ ግን መነሻው 15 ነው። ያው ቢላዋ፣ አሥር ዓመት ልዩነት። ሴቶች የሚገደሉት ደግሞ በብዛት ቤት ውስጥ ነው። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ይህን ይዘው ለዓመታት ተሟግተዋል። መንግሥት እንዲያጠናው የሾማት ጠበቃ ራሷ ክሌር ዌድ ነበረች። ጥናቱ በ2023 ወጣ። ዌድ የቤቱንም ወደ 25 እንስቀለው አላለችም። ምክንያቷ ግልጽ ነው፦ ጉልበት የሌላት ሴት ባዶ እጇን ስለማትገድል ቢላዋ የምታነሳው እሷም ናት። 25ቱ መልሶ እሷን ይመታል።

በ2024 ደንቡ ተሻሻለ። ገዳዩ ሟቿን ሲቆጣጠር የኖረ ከሆነ ቅጣቱን ያከብዳል፤ ገዳይዋ በሟቹ ቁጥጥር ሥር የኖረች ከሆነች ያቀልላታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የሕግ ማሻሻያ የሚያጠናው የእንግሊዝ የሕግ ኮሚሽን የግድያ ሕጉን በጠቅላላ እንዲመረምር ተጠየቀ። ልብ በሉ፤ የ2024ቱ ማሻሻያ ስለ ቅጣት እንጂ ስለ ጥፋተኝነት አይደለም። የወንጀሉ ስም ያው መርደር ሆኖ ይቀራል።

ከቻለን በኋላ የመጡትን ስናይ ነገሩ ዝብርቅርቅ ነው። የፍቅር አጋሯን የገደለች አንዲት የሊቨርፑል ወጣት እናት በ2020 ፍርዷ ተሻረላት፤ በማግስቱ ዓመት ማንስሎተሩ ተቀባይነት አግኝቶ ወጣች። አንዲት የሌስተር ወጣትም ተሽሮላት ነበር። እንደገና ስትዳኝ ግን ጁሪው መልሶ በመርደር ጥፋተኛ አላት። ይግባኝ ማሸነፍና ነጻ መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ እኛ ስመጣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ላይ ሦስት እርከን አለ። አንቀጽ 539 ከባዱን ግድያ ይዟል፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራው ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። 541 ቀላሉ ነው፤ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። ወደ 541 የሚያወርደው ከመከላከል ወሰን ማለፍ፣ ወይም ከባድ ትንኮሳ፣ ድንጋጤ አለያም ሁኔታው ሊረዱት የሚቻል ያደረገው ብርቱ ስሜት ነው። ይህ የመጨረሻው አገላለጽ ከእንግሊዙ የ1949 መለኪያ ሰፋ ይላል። የሚችል ጠበቃ የትዳሩን ታሪክ በዚያ በኩል ሊያስገባው ይችላል። ገዳይዋ ዕቃውን ይዛ ከመጣች ግን 539 አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። አንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ አካልንም አእምሮንም የሚጎዳ ጥቃትን ይቀጣል። ገንዘብና እግር መቆጣጠርን ግን በስሙ አይጠራውም። እስከ 1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ድረስ እኮ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን «ባል የቤተሰቡ ራስ ነው» ይል ነበር።

ይግባኝ ላይ ያለን ዕድል በወረቀት ሲታይ መጥፎ አይደለም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ሰሚው አስፈላጊ ሲመስለው ምክንያቱን መዝግቦ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ ይፈቅድለታል። ሰበር ጋ ሲደርስ ግን የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው። ታሪክህን እዚያ ልናገር ብትል ሰሚ የለም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ታች፣ መጀመሪያው ችሎት ላይ መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት።

ምን ይገባል ታዲያ? ሚስት ስትበደል መጀመሪያ የምትሄደው ነፍስ አባቷ ጋ ነው፣ ወይም ጎረቤት ሽማግሌ ጋ። ሽማግሌው ያስታርቃል። ቡና ይጠጣል። «ገበናሽን ሸፍኚ» ትባላለች። ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ትታረቃለች። አንዱም ዕርቅ ወረቀት የለውም። አንድ ቀን ከሁለቱ አንዱ ሲሞት የፖሊስ መዝገብ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። ያስታረቁት ሽማግሌዎች ተፈልገው ቢመጡ እንኳ «ጠብ የማያጣው ትዳር የለም» ብለው ይመሰክራሉ። በሐኪም በኩል እንውጣ ቢባል ደግሞ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም አግኝቶ ለወራት የሚመረመር እስረኛ ስንት ይሆን?

ሳሊን የረዳት አንድ ነገር ቤት ውስጥ የነበሩ ምስክሮች መኖራቸው ነው። ሁለቱ ልጆቿ። አባታቸው ተገድሏል፤ ገዳይዋ እናታቸው ናት። ሁለቱም ከእናታቸው ጎን ቆሙ። በ2020 የውርስ ጉዳይ ሲነሳ አንድ ዳኛ፣ ገዳይ ከሟች አይወርስም የሚለው ደንብ በእሷ ላይ እንዳይሠራ ወሰነ። በእኛም ሕግ ይህ ደንብ አለ፤ ሰውን አስቦ የገደለ ሟቹን ለመውረስ የተገባ አይደለም።

የተፈታች ቀን ጋዜጠኞች ፊት ቀረበች። ሪቻርድን አሁንም እንደምትወደው፣ ክፉኛ እንደሚናፍቃት፣ ይህ ሁሉ ባይሆን ኖሮ እንደምትመርጥ ተናገረች። ዐቃቤ ሕጉ በ2011 ያንን «እወድሃለሁ» የሚል ወረቀት አንስቶት ነበር። እሷ ያኔም የጻፈችው፣ አሁንም የምትለው ያንኑ ነው።